የእትዬ ዘሀራ የዓሣ ገንዳ መቆሚያ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴም ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም። ሰው ፊት ስናገር ድምፄ ስለሚጠፋ መጻፉ ይሻለኛል ብዬ ነው።

እንጅባራ፣ ጋሽ አለሙ የቀርከሃ ዕቃ ወርክሾፕ የገባሁ ቀን የተሰጠኝ ሥራ የቀርከሃ አንጓ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ነበር። ማታ ጣቶቼ አልታጠፍ አሉ። ቆይቶ መደርደሪያና የቴሌቪዥን ማስቀመጫ መገጣጠም፣ ከዚያም ብየዳ ለመድኩ።

አንድ ቀን እትዬ ዘሀራ የሚባሉ የዳንግላ ጨርቅ ነጋዴ መጡ። «የቴሌቪዥን ማስቀመጫችሁን ወድጄዋለሁ። ለዓሣ ገንዳዬ እንደሱ ያለ ሥሩልኝ። አሁን መሬት ላይ ነው፤ የልጅ ልጆቼ መስታወቱ ላይ ተለጥፈው ነው የሚውሉት» አሉ።

ጋሽ አለሙ ሥራውን ለእኔ ሰጡኝ። ብቻዬን ስሠራ የመጀመሪያዬ ነበር። በደስታ ምሳዬን ረሳሁ።

በቀርከሃ የሠራሁት መቆሚያ ሲያልቅ ያምር ነበር፤ ልቤ ግን አላረፈም። እትዬ ዘሀራ ገንዳው ስምንት ትልልቅ ጀሪካን ውሃ እንደሚይዝ ነግረውኛል። አንዷን ጀሪካን ተሸክሜ ስላደግሁ ክብደቷን አውቀዋለሁ። መቆሚያው ላይችል ይችላል ብዬ ለጋሽ አለሙ ነገርኳቸው።

ጋሽ አለሙ ሳቁ። «ዓሣ እኮ ነው፣ በሬ አናቆምበትም።»

«ዓሣው አይደለም ጋሼ፣ ውሃው ነው።»

«እንግዲያው ጫኚበትና እንየው።»

ጀሪካኖቹን ሞልቼ ደረደርኩበት። ቻለ። «አየሽ?» አሉኝ። ከጎን በመዳፌ ገፋ አደረግሁት። ተወዛወዘ፤ መገጣጠሚያው ጮኸ፤ አንዱ ጀሪካን ወድቆ ፈነዳ። ቀርከሃ ከላይ የመጣበትን ይሸከማል፤ ከጎን ሲገፉት ግን መገጣጠሚያው ይላላል። ቴሌቪዥን ላይ ልጅ አይደገፍም፣ ገንዳ ላይ ይደገፋል።

ጋሽ አለሙ የፈነዳውን ጀሪካን አነሱ። «በይ ፍቺው። ምን ይሻላል ትያለሽ?»

እንዲህ ጠይቀውኝ አያውቁም። ሳላቋርጥ ተናገርኩ። አጽሙ ውስጡ ክፍት የሆነ የቱቦላሬ ብረት ይሁን፣ እግሮቹ በቀጥታ ከገንዳው አራት ጥግ ሥር ይቁሙ፣ ከጀርባና ከጎን ሰያፍ ብረት ይበየድ፣ ከላይ ወፍራም ጣውላ ይቀመጥ። ቀርከሃው ለመልክ ከውጭ ይለበጥበት።

«ዛሬ አፍሽ ተከፈተ» አሉና ብረት ሊያመጡ ሄዱ።

አዲሱ ላይ የውሃ ጀሪካኖች ጭነን በትከሻዬ ገፋሁት። እሳቸውም ገፉት። ንቅንቅ አላለም።

ዳንግላ ከመናኸሪያ እትዬ ዘሀራ ቤት ድረስ በጋሪ ወሰድነው። የእትዬ ዘሀራ ሳሎን ወለል ለማጠብ እንዲመች ወደ በሩ ያዘነብላል። ውሃ ልክ አስቀምጬ ዝቅ ባሉት እግሮች ሥር ጠፍጣፋ ብረት አስገባሁ፤ ጀርባውን ከግድግዳው ጋር በብሎን አሰርኩት። ገንዳው ሲሞላ ውሃው በአራቱም ጎን ከጠርዙ እኩል ሆኖ ቆመ።

የገንዳ መቆሚያ ስትመርጡ ባዶውን አይታችሁ አትግዙ። ገንዳው የሚይዘውን ያህል ውሃ ጫኑበትና ከጎን ግፉት። ከተወዛወዘ ተዉት።

ልጆቹ ከጓዳ እየሮጡ መጡ። መስታወቱ ጋ ሳይደርሱ ልከለክላቸው እጄን ዘረጋሁ። እትዬ ዘሀራ እጄን ይዘው ዝቅ አደረጉትና፣ «ተያቸው ልጄ፣ ይደገፉበት» አሉኝ።