የረቡዕና የዓርብ ራስ ምታት

መጀመሪያ የሚጠፋብኝ የቀኝ ጎን ነበር። መዝገብ ቤት ቆሜ የፋይል ቁጥር ሳነብ የመጨረሻዎቹ አኃዞች አይታዩኝም። ቀና ብዬ የሚያናግረኝን ሰው ሳይ ግማሽ ፊቱ የለም። በጠፋው ቦታ ፀሐይ ያረፈበት ውሃ የመሰለ ነገር ይንቀጠቀጣል። ያኔ ሃያ ደቂቃ ያህል እንደቀረኝ አውቃለሁ። ከዚያ ከግራ ቅንድቤ በላይ ይጀምረኛል።

አለቃዬን አስፈቅጄ እወጣለሁ። ከመሥሪያ ቤቴ እስከ ጌጃ ሰፈር በእግር ሩብ ሰዓት አይሞላም። የአጥሩን ግንብ እየተደገፍኩ እሄዳለሁ። ቤት ስደርስ የላምባ ምድጃውን ወደ ውጪ አወጣለሁ፤ ሽታው ያስመልሰኛል። መስኮቱን በጋቢ እጋርዳለሁ፣ ራሴን በሻሽ ጥብቅ አድርጌ አስራለሁ፣ ባልዲ አጠገቤ አስቀምጬ እተኛለሁ። ከዚያ በኋላ ያለው አይጻፍም። ሕመሙ ብቻ ነው ያለው። ያን ጊዜ ስለ ልጄም አላስብም ነበር። ይህን መናገር ደስ አይለኝም፤ ግን እውነት ነው።

እንደዚህ የምሆነው በሳምንት ሁለት ጊዜ ነበር። በዐቢይ ጾም ይብሳል፤ የዓመት ፈቃዴን ሁሉ የሚበላው እሱ ነበር። ዘጠኝ ዓመት እንደዚያ ኖርኩ።

ሰው ሁሉ መድኃኒት ያውቅልኝ ነበር። ምች ነው ብለው ዳማከሴ ጨምቀው አሹኝ። ዋግምት ያወጣል ብለው ግንባሬን በምላጭ በጡኝ፤ ምልክቱ አሁንም አለ። ጠበል ገባሁ። ቀለል ብሎኝ ወጣሁና በሳምንቱ ተመለሰብኝ። ጠበሉን አላማም።

የግድግዳ ጎረቤቴ የወሎ ሴት ናት፤ ሙስሊም፣ በዕድሜ ትበልጠኛለች። ባሏ ልብስ ሰፊ ነው። የስፌት መኪናውን ያስጠጋው ሁለታችንን ከሚለየን ስስ ግድግዳ ጋር ነበር። አንድ ቀን ተኝቼ ስትጮህበት ሰማኋት።

«አንተ ሰውዬ፣ የሰው ራስ ላይ እኮ ነው የምትሰፋው!»

ጩኸቷ ከመኪናው ባሰብኝ። በማግሥቱ ግን መኪናውን ወደ በሩ አዛወረው። እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ።

ለሷም ለማንም ያልነገርኩት አንድ ነገር ነበረኝ። ልጄ የስምንት ወር ሳለች የሳምባ ምች ያዛት። አባቷ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ያኔም ክፍለ አገር ነበር። ሆስፒታል ወሰድኳት፤ ነርሷ ከክፍሉ አስወጣችኝ። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ለእመቤታችን ተሳልኩ። ይህችን ልጅ ብታተርፊልኝ እስከ ዕድሜዬ ፍጻሜ ረቡዕና ዓርብን፣ አጽዋማቱንም ሁሉ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውሃም ሳልቀምስ እጾማለሁ አልኩ። ልጄ ዳነች። መሥሪያ ቤት ያሉት ሌሎቹ እስከ ስድስት ሰዓት ጾመው ምሳቸውን ሲበሉ እኔ ፋይል አስተካክላለሁ። ለንስሐ አባቴም ቢሆን አልተናገርኩም። በእኔና በእመቤቴ መካከል ያለ ነገር ነው ብዬ ነበር።

ራስ ምታቱ የጀመረኝ በዚያው ዓመት ነው። አላያያዝኩትም። ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት፣ ጾም በሌለበት፣ ራሴ ያርፋል። የትንሣኤው በረከት ነው ብዬ አመሰግን ነበር።

ከሱቅ ነጭ ክኒን እገዛለሁ። መጀመሪያ በታመምኩ ቀን ብቻ ነበር፤ በኋላ እንዳያመኝ እያልኩ በየቀኑ ሆነ። በጾም ቀን ያለ ውሃ እውጠዋለሁ። ውሃ ጾም ይሽራል፣ ክኒን ግን እህል አይደለም ብዬ ለራሴ ፈርጄ ነበር። ጉሮሮዬ ላይ ተጣብቆ ይመረኛል። ምራቄን እየዋጥኩ አወርደዋለሁ። አንድ ዓርብ ጎረቤቴ ይህን ስሠራ አየችኝ።

«ቤትሽ ውሃ የለም እንዴ?»

«ጾም ነው።»

«ታመሽ የለም እንዴ?»

«ታምሜአለሁ።»

«የኛ እንኳ የታመመን ይምራል እኮ። የናንተው አይምርም?»

«የኔ የተለየ ነው።»

«አይ አንቺ! እንደ ዶሮ ጥሬ ትለቅሚያለሽ። ወላሂ ዶሮም ውሃ ትጎነጫለች፤ ያውም ወደ ሰማይ እያየች።»

ሳቅሁ። ስስቅ ራሴን ወጋኝ።

በመጨረሻ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሐኪሙ ዕድሜው የገፋ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነበር። ሁሉንም ጠየቀኝና «ማይግሬን ይባላል» አለኝ። ስም ያለው ነገር መሆኑ ደስ አሰኘኝ። ቀጥሎ የቤት ሥራ ሰጠኝ፤ አዲሱ ዓመት ገና መግባቱ ነበር።

«ግድግዳሽ ላይ ካላንደር አለ?»

«አለ።»

«መስከረምንና ጥቅምትን ያመመሽን ቀን ምልክት አድርጊበት። ከዚያ ይዘሽልኝ ነይ። ያንቺን ራስ ከኔ ይልቅ እሱ ያውቀዋል።»

በታመምኩበት ሰዓት የካላንደሩን ቀይና ጥቁር ቁጥር መለየት ስለማልችል ምልክቱን የምታደርገው ልጄ ሆነች። ሁለተኛ ክፍል ነበረች። ወንበር ላይ ወጥታ በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ ታደርጋለች። ሥራ ስለተሰጣት ኮርታ ነበር።

ጥቅምት ሲያልቅ ካላንደሩን አወረድኩት። ኤክሶቹ በሁለት መስመር ቆመው ነበር። የረቡዕ መስመርና የዓርብ መስመር። ሌላ ቦታ ሦስት ብቻ ነበሩ።

አልጋው ላይ ተቀምጬ ለረጅም ጊዜ አየሁት። ሐኪሙ ይህን ካየ ምን እንደሚለኝ አውቄዋለሁ። ሐኪም ያዘዘውን አለማድረግ ይቻላል፤ ግን አንዴ ከተነገረኝ በኋላ በየሳምንቱ አውቄ መታመም ሊሆንብኝ ነው። ብታዘዘውስ? ልጄን የሰጠችኝ በዚያ ቃል ነው። ቃሉን ካነሳሁ ልጄን ምን ይዞ ያቆያታል?

በማግሥቱ ልደታ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ከሚሸጡት ሌላ ካላንደር ገዛሁ። ያንኑ ያህል ኤክስ ቆጥሬ በትኜ አደረግሁበት፤ ሰኞ፣ እሑድ፣ ማክሰኞ። የልጄን ካላንደር አጥፌ ከሣጥኑ ሥር ከተትኩት።

ሐኪሙ መነጽሩን አውልቆ ተመለከተው።

«ምንም ሥርዓት የለውም» አለ። «እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም።»

ካላንደሩን ከካርዴ ጋር አያያዘው። ዓይን ሐኪም ዘንድ ላከኝ። መነጽር ታዘዘልኝና ዓመት ሙሉ አደረግሁት። ደም ተመረመርኩ፣ ራጅ ተነሣሁ። የማያስፈልገኝን ሁሉ አደረጉልኝ፤ በሰጠኋቸው ወረቀት ነበር የሚሠሩት። ረቡዕና ዓርብ እንደ ልማዱ እተኛለሁ፤ መነጽሬን ከባልዲው አጠገብ አስቀምጬ።

በዓመቱ ብቻዬን መንገድ መሻገር ስላስፈራኝ ልጄን ይዤ ተመለስኩ። ሐኪሙ ካርዴን ሲከፍት ካላንደሩ ወጣ። ልጄ አንገቷን አስግጋ አየችው።

«ይሄ የኔ አይደለም» አለች።

«ያንቺ ማለት?» አላት።

«እኔ ነኝ ኤክስ የማደርገው። እኔ ያደረግሁት ረቡዕና ዓርብ ላይ ነው። ይሄን ሌላ ሰው ነው የሠራው። ኤክሱም አያምርም።»

ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«ስንት ሰዓት ነው የምትጾሚው?»

«እስከ ዘጠኝ።»

«ውሃስ?»

«ውሃም።»

«ክኒኑንስ በምን ትውጫለሽ?»

ሁሉንም ነገርኩት። ኮሪደሩን፣ ነርሷን፣ ስእለቱን። አስቤ አልነበረም የተናገርኩት፤ ልጄ ከጎኔ መቀመጧን ያስታወስኩት ስጨርስ ነው።

ሐኪሙ «በሃይማኖትሽ አልገባም» አለኝ። «ባዶ ሆድና ጥማት ያነሣብሻል። በየቀኑ የምትውጪው ክኒን ደግሞ ራሱ ሕመሙን ያመጣዋል። ሁለቱም ካልቀሩ የምሰጥሽ ነገር አይሠራም። ሄደሽ ከሚመለከተው ሰው ጋር ተነጋገሪ።»

ስንመለስ ልጄ እጄን ይዛ ተራመደች። ወደ ሰፈራችን መታጠፊያ ላይ ስንደርስ ጠየቀችኝ።

«እማዬ፣ ብታቆሚ እሞታለሁ?»

አትሞችም ማለት ነበረብኝ። እናት ሁሉ የምትለው ነው። «ነይ፣ መኪና ይመጣል» አልኳት።

በዚያው ሳምንት ረቡዕ ምሳ ዕቃዋን ላጥብ ስከፍተው ያልተነካ ፓስታ አገኘሁ። ዓርብም ያልተነካ ነበር። ጠራኋት።

«ለምን አልበላሽም?»

«አንቺ እንዳያምሽ። እኔ ልጹምልሽና አንቺ ብዪ። እመቤታችን አትቆጣም፤ አንድ ሰው ከጾመ በቃ አይደል?»

ምንም አልተሰማኝም። ሰው ይደነግጣል ወይም ያለቅሳል ብዬ ነበር። ነጠላዬን ለበስኩ፣ ምሳ ዕቃውን እንደተሞላ ያዝኩ፣ ልጄን አስከትዬ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ።

የንስሐ አባቴ ግቢው ውስጥ ከዛፍ ሥር አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ነበር። መስቀል ተሳለምንና ሁሉን ነገርኳቸው። የካላንደሩንም ጭምር። እስክጨርስ መቋሚያቸው ላይ አገጫቸውን አስደግፈው አዳመጡኝ።

«ዘጠኝ ዓመት!» አሉ። «ንስሐ ስትገቢ ምን ነበር የምትነግሪኝ? የጎረቤት ሐሜት! ይህን ደብቀሽ ሐሜት ነው የምታመጪልኝ?»

«በእኔና በእመቤቴ መካከል ነው ብዬ ነው፣ አባቴ።»

«እኔስ ታዲያ እዚህ የተቀመጥኩት ለምንድን ነው? ለዛፉ ጥላ?»

ወደ ልጄ ዞሩ። «አንቺስ? ከበላሽ ስንት ሰዓት ሆነሽ?»

«ጠዋት ሻይ ጠጥቻለሁ፣ አባ።»

«ለምን ምሳ አልበላሽም?»

«እማዬ ስታቆም እንዳልሞት።»

ወደ እኔ ተመለሱ። ቀጥሎ ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር።

«ስሚኝ፣ ልጄ። አቅም ያነሰው ሰው ስእለቱን ይዞ ወደ አባቱ ይመጣል፤ አባት ይለውጥለታል። የቆየ ሥርዓት ነው፤ ላንቺ ብዬ አሁን የፈጠርኩት አይደለም። ረቡዕና ዓርብ፣ በሌሎቹም አጽዋማት፣ ጠዋት ውሃሽን ጠጪ፣ ቁርስሽን ብዪ። ከሥጋው፣ ከወተቱ፣ ከቅቤው ተከልከዪ። የበላሽውን ያህል በር ላይ ላሉት ነዳያን ስጪ። ስግደት እንዳልጨምርልሽ ራስሽ አይችልም። ይህን ያልኩሽ እኔ ነኝ። የሚጠየቅበት ቢኖር በኔ ይሁን።»

«በርስዎ?»

«በኔ። በልጅቷ አይደለም።»

ምሳ ዕቃውን ከእጄ ወስደው ለልጄ ሰጧት። «በይ ብዪ፤ እዚሁ እያየሁሽ» አሏት። ፓስታው ቀዝቅዞ ተጣብቆ ነበር። አንድ ጉርሻ በበላች ቁጥር ቀና ብላ ታየኛለች። እኔም አያታለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው የሐኪሙ ሥራ ነው። ነጩን ክኒን ሙሉ በሙሉ አስተወኝ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከዘጠኙ ዓመት ሁሉ የከፉ ነበሩ፤ ረቡዕ የለ፣ ሰኞ የለ፣ ሁልጊዜ ነበር። ሲብስብኝ ጎረቤቴ ልጄን እቤቷ አብልታ ታስተኛት ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ሐኪሙ ሲመሽ የምወስዳት ትንሽ ክኒን ጀመረልኝ። ስነሣ ውሃ፣ ቁርስ በሰዓቱ፣ መኝታም በሰዓቱ፣ ከእሑድ እስከ እሑድ ሳይለዋወጥ። ሌላ የተለየ ነገር የለውም። ዛሬም በሁለት ወር አንዴ የሰው ፊት ግማሹ ይጠፋብኛል። ሐኪሙ ለዚያ ቀን የሰጠኝን ወስጄ ጨለማ ውስጥ ሦስት ሰዓት ያህል እተኛና እነሣለሁ። እግዚአብሔር ይመስገን። ሐኪሙንም ይባርከው፤ ስለ ካላንደሩ አንድም ቀን አላነሣብኝም።

ነገር ግን በነዚያ ሳምንታት እኔ የምጠብቀው የራሴን መዳን አልነበረም። ረቡዕና ዓርብ ጠዋት አንድ ብርጭቆ ውሃ ቆሜ እጠጣለሁ። በመጀመሪያው ቀን በሦስት ጊዜ ነው የጨረስኩት። ልጄ ከአልጋዋ ሆና ታየኛለች። ከዚያ እሷ ወደ ትምህርት ቤት፣ እኔ ወደ መዝገብ ቤት እንሄዳለን። ስልክ በጮኸ ቁጥር ከልጄ ትምህርት ቤት መስሎኝ እጄን ከፋይሉ ላይ አነሣለሁ። ለኔ አይደለም። እንደገና እቀጥላለሁ። በኔ ይሁን ብለዋል እላለሁ ለራሴ። ሥራ እስኪያልቅ እንደዚያ ነው።

ልጄም ስትመለስ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ትጠይቀኛለች። አመመሽ? አዎ እላታለሁ። ፊቷን ትታጠባለች።

በስድስተኛው ሳምንት ዓርብ ዕለት ከሥራ ቀድሜ ገብቼ ሽሮ እየሠራሁ ነበር። በር ላይ ቆመች።

«አመመሽ?»

ምድጃው አጠገብ ቆሜ ራሴን አዳመጥኩ። ከግራ ቅንድቤ በላይ ምንም አልነበረም።

«ዛሬ አላመመኝም።»

ቦርሳዋን ሳታወርድ ትንሽ ቆየች። ደረቷን በመዳፏ ነካ አደረገች፤ ቀጥሎ ሆዷን፣ ቀጥሎ ግንባሯን።

«እኔም ምንም አልሆንኩም» አለች።

ቦርሳዋን ጥላ ለመጫወት ወጣች። ከዚያን ዓርብ በኋላ ጠይቃኝ አታውቅም።