ከብብት ሥር ያለችው ቁራጭ

አውቶቡስ ውስጥ የላይኛውን ብረት ይዛ የቆመችውን ሴት እዩ። ክንዷ ተዘርግቷል፤ ቀሚሷ ግን ከጉልበቷ አልተነሣም፣ ብብቱም አልተተረተረም። ይህን ያሰበችው አክስቴ ናት። "ማስረጃሽ የታለ?" ለምትሉኝ፣ ቀሚሱን ገልብጡት፤ ከብብቱ ሥር መዳፍ የምታህል ጨርቅ ገብታለች። ከአክስቴ በፊት ቀሚስ የሚሰፋው እጃቸውን አጣጥፈው ለሚቀመጡ ሴቶች ነበር።

በአንድ ልብስ ስፌት ቤት አሥራ አንድ ዓመት ጨርቅ ቆርጣለች። ባለቤቱ መርፌ ላይ ክር ማስገባት የማይችል ሰው ነው፤ በየቀሚሱ አንገት ላይ የሚሰፋው ስም ግን የእሱ። በየዓመቱ "ዘንድሮ ስምሽ ከስሜ ሥር ይገባል" ይላታል። ላም አለኝ በሰማይ!

ትልቁ የልብስ ትርኢት ሲቃረብ ደግማ ጠየቀችው።

"አንቺ ሴትዮ፣ ነገ ደግሞ መቀሱ ስሜ ይጻፍልኝ ሊል ነው?" ብሎ ሠራተኞቹን አሳቀባት። "የልክ ወረቀቶቹን በሙሉ አስረክቢና ውጪልኝ!"

አስረከበች፤ ጨርቅ ከሚቆረጥባቸው ወረቀቶች አንድም አላስቀረችም። ያቺ ቁራጭ ግን ወረቀት ኖሯት አያውቅም። አክስቴ የጨርቁን መለጠጥ በጣቷ ስባ እያየች፣ ከትርፍራፊው ላይ በዓይኗ ትቆርጣት፣ በእጇም ትሰፋት ነበር። ሰውዬው ጠረጴዛው ላይ የቀሩትን ቁራጮች "ይህን ቆሻሻ ጥረጉልኝ" አለ። እሷ አየች። ነጠላዋን ለብሳ ወጣች።

በወረቀቱ ብቻ የተሰፋውን ቀሚስ መድረክ ላይ የሚያሳዩት አምስት ልጃገረዶች ሲለኩት፣ እጃቸውን ወደ ታች ለቀው ስለቆሙ ልክክ አለ። በትርኢቱ ቀን ግን አምስቱም መድረክ ላይ ወጥተው ሁለት እጃቸውን ለሕዝቡ አነሡ። ጠርርር! አሥር ብብት በአንድ ጊዜ። ልጆቹ አሳዘኑኝ፤ ከኋላ ቆሜ ግን አጨበጨብሁ።

በማግስቱ ሰውዬው ደጃችን ቆመ።

"እህት ዓለም፣ ወረቀቱ ላይ ምን ጎደለ?"

"ስሜ" አለችና በሩን ዘጋችበት።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ምንኛ ደስ ባለኝ። ሰውዬው አክስቴ የሰፋችውን አንድ አሮጌ ቀሚስ ከደንበኛ ገዝቶ ተረተረው፤ ቁራጯን አገኛት። ዛሬ "የእኔ ፈጠራ" ሲል ዓይኑን በጨው አጥቦ ነው። አክስቴ አንድ ቀሚስ እንኳ በስሟ ሳይወጣ አረፈች። "ሞታለች፣ አሁንስ ይቅር በይው" ይሉኛል። አልልም!

ያ ቀሚስ ቁም ሣጥናችሁ ውስጥ ካለ አትጣሉት፤ የእሷ ነው። መቀስ አንሡና ከአንገቱ ላይ የዚያን ሰው ስም ፍቱልኝ።