ረጅም መልስ

ያኔ አሰብ ውስጥ የልጆችን ውሸት ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው የለም ብዬ አምን ነበር። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። በሺህ ዘጠኝ መቶ አርባዎቹ መጨረሻ ባሌ ወደቡ ላይ ለመንግሥት ሥራ ሲመደብ ከደሴ ተከትዬው ወረድኩና የሁለተኛ ክፍል አስተማሪ ሆንኩ። ከቀትር በኋላ ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ቤት ይከታል። እኔም ተጋድሜ መዋል አልሆንልኝ ሲል ጊዜ አንድ ወፍራም ደብተር ገዝቼ የተማሪዎቼን ውሸት መመዝገብ ጀመርኩ። ማን ዋሸ፣ ስለ ምን ዋሸ፣ እኔስ በምን አወቅሁበት።

እየቆየሁ ከደብተሩ ሕግ አወጣሁ። እውነት የሚናገር ልጅ አጭር ይመልሳል፣ ዓይን ያያል። የሚዋሽ ልጅ ያልተጠየቀውን ይጨምራል። ውሸቱን በቃሉ ያጠና ልጅ ደግሞ መሀል ላይ ሲያቋርጡት ካቆመበት መቀጠል አይችልም፣ ከመጀመሪያው ይነሳል። ይህችን የመጨረሻዋን ሳገኝ ኩራቴ ልክ አልነበረውም። ምሳ ላይ ለባሌ አነብለታለሁ። እሱ የዓሣውን አጥንት እየለየ "አንቺ እኮ ዳኛ መሆን ነበረብሽ" እያለ ያሾፍብኛል። የስምንት ዓመቷ ልጃችን፣ የራሴም ተማሪ ነበረች፣ አብራን ትበላለች። ትሰማለች ብዬ አላሰብኩም። ልጆች የሚሰሙት ስማቸውን ሲጠሯቸው ብቻ ይመስለኝ ነበር። ይህንን እንኳ ሳላውቅ ነው እንግዲህ ስለ ልጆች የምጽፈው።

በትምህርት ቤቱ ግቢ፣ ጥላ ሥር፣ አንድ የውሃ በርሜል ነበረን። ጠዋት ጠዋት በመኪና በሚመጣ ውሃ ይሞላል፤ የቀኑ መጠጥ ያው ነው። አንድ ቀን ከእረፍት በኋላ የበርሜሉ ቧንቧ ተከፍቶ ተገኘ፤ ውሃውን በሙሉ አሸዋው ጠጥቶታል። ትንንሾቹ ልጆች ውሃ ጠማን ብለው ማልቀስ ጀመሩ። ዲሬክተሩ ትምህርቱን አቋርጦ ሁሉንም ወደየቤታቸው ለመስደድ ተገደደ። ተናዶ ነበር፤ ያጠፋውን ልጅ አባርራለሁ አለ።

ደወሉ ሲደወል በርሜሉ አጠገብ የታዩት ሁለት ልጆች ነበሩ፤ የእኔ ልጅና አንድ ከራሔይታ የመጣ የአፋር ልጅ። ልጁ የሚኖረው ጨው ማምረቻ ከሚሠራው አጎቱ ጋር ነው። አጎትየው ስንት ቀን ደጅ ጠንቶ ያስገባው ልጅ ነው። ዲሬክተሩ ወደ እኔ ዞረና "ወይዘሮ፣ ይህ የእርስዎ ሙያ ነው፤ እርስዎ ይለዩልኝ" አለ። በገዛ ልጄ ጉዳይ መፍረድ እንደማይገባኝ ማንም አላነሳም። እኔም አላነሳሁም።

መጀመሪያ ልጄን ጠየቅኋት።

"አልነካሁትም" አለች፣ ዓይን ዓይኔን እያየች።

ቀጥሎ ልጁን ጠየቅሁት። ቀጥ ብሎ ቆመና በዚያ በለመዳት አማርኛ ጀመረ። "ጠዋት ከአጎቴ ቤት ወጣሁ። ንፋሱ ከባሕር ነው። መንገድ ላይ ግመል የሚነዳ ሰው አገኘሁ። ከደባይሲማ ነው የመጣው። ዝናብ የለም አለኝ። ይህን ሰማሁ፣ አላየሁም። ከዚያ ትምህርት ቤት ገባሁ..."

"ስለ ቧንቧው ነው የጠየቅሁህ" አልኩት።

ትንፋሹን ሰበሰበና "ጠዋት ከአጎቴ ቤት ወጣሁ" ብሎ እንደገና ጀመረ።

ሦስት ጊዜ አቋረጥኩት፤ ሦስቱንም ጊዜ ከአጎቱ ቤት ተነሳ። እኔ ደስ አለኝ። ይህን ሳልደብቅ ልጻፈው፤ የልጁ ጉሮሮ ደርቆ፣ ድምፁ እየተሰባበረ፣ እኔ ሕጌ በመሥራቱ ደስ አለኝ። ለዲሬክተሩ "እሱ ነው" አልኩት። ልጁም በማግስቱ አጎቱን ይዞ እንዲመጣ ተነግሮት ሄደ።

ባሌ ያን ቀን ለምሳ አልመጣም። ልጄ ምግቡን አልነካ አለች። ምን ሆነሻል ስላት ሳህኗን እያየች ተናገረች።

"እማዬ፣ እኔ ነኝ የከፈትኩት። ፊቴን ልታጠብ ብዬ። ከዚያ አልዘጋ አለኝ። እሱ ሊዘጋልኝ ሲታገል ተደወለ፤ እኔ ሮጥኩ።"

"ታዲያ ለምን ዋሸሽኝ?"

"አጭር ከሆነ ታምኛለሽ ብዬ ነው።"

ያስተማርኳት እኔ ነኝ። "ነገ ሄጄ እውነቱን እነግራቸዋለሁ" አልኳት። አመነችኝና ምሳዋን በላች።

በማግስቱ አጎትየው ልጁን ይዞ መጣ። "ሰላም ዓለይኩም" ብሎ ገባና የሰጠነውን ወንበር ትቶ ቆመ።

"እስከ መጨረሻው ሰማችሁት?" አለ።

ዲሬክተሩ እኔን አየኝ።

"እኛ ዘንድ ዳጉ አለ" አለ አጎትየው። "ወሬ የተጠየቀ ሰው ከተነሳበት ይጀምራል። ያየውን አየሁ፣ የሰማውን ሰማሁ ይላል። በዳጉ የዋሸ ሰው ከዚያ ወዲያ ማንም ወሬ አይጠይቀውም። ሰሚውም አያቋርጥም። ይሄ ልጅ ነው፤ ስታቋርጡት የሳተ መስሎት እንደገና ይጀምራል።"

ከዚያ ልጁን ተናገር አለው። ልጁ ከአጎቱ ቤት ወጣ፣ ባለግመሉን አገኘ፣ ክፍል ገባ፣ ለእረፍት ወጣ። ማንም አላቋረጠውም። "ልጅቷ ከፈተች። ይህን አየሁ። ቧንቧው ጠበቀ። እኔም ሞከርኩ፣ አልቻልኩም። ደወል ሰማሁ። ጥፋቴ ሰው አለመጥራቴ ነው" አለና ጨረሰ።

ዲሬክተሩ "ወይዘሮ፣ ምን ይላሉ?" አለኝ።

የአስተማሪ ልጅ የመንደሩን ልጆች ውሃ አፈሰሰች ሲባል ታየኝ። ባሌ ምን ይባላል አልኩ። ስንት ቀን የለፋሁበት፣ ዲሬክተሩም ለትምህርት ጽሕፈት ቤት እልክልዎታለሁ ያለኝ ደብተር ታየኝ። ልጁ ግን ፊት ለፊቴ ቆሞ ሳለ አልታየኝም።

"እሱ ነው" አልኩ።

አጎትየው አልተከራከረም። "እሺ እመቤት፣ ሰማን" አለና ልጁን በእጁ ይዞ ወጣ። በሳምንቱ ወደ ራሔይታ መለሰው ሲሉ ሰማሁ። ራሔይታ ሩቅ አገር አልነበረም። ሄጄ ይቅር በሉኝ ማለት እችል ነበር፤ ባሌ ከአሰብ እስኪዛወር ድረስ ግን አልሄድኩም። ስንት ዓመት አልፎም ይህ ነገር አልለቀቀኝም። ፊደል ሊቆጥር የመጣውን ልጅ ደጃፍ ላይ የመለስኩት እኔ ነኝ።

አጎትየው ልጁን ይዞት በወጣ ቀን ቤት ስገባ ልጄ በር ላይ ጠበቀችኝ።

"ነገርሻቸው?"

"ነገርኳቸው።"

"ታዲያ እሱ ለምን ክፍል አልገባም?"

"አጎቱ ራሱ ነው የወሰደው።"

ፊቴን አየችውና "እሺ እማዬ" ብላ ወደ ውስጥ ገባች። ከዚያ በኋላ አድጋ፣ ተድራ ከቤቴ እስክትወጣ ድረስ አንዲት ጥፋቷን በራሷ አፍ ነግራኝ አታውቅም።