ውሃ በክዳን የሚጠጣው ሰው

ከካርድ ክፍሉ መስኮት ፊት የተቀመጠው ግዙፍ የጥበቃ ሠራተኛ ከጠርሙስ ውሃ በክዳኑ እየለካ ይጠጣል፤ አንዱን ክዳን በጨረሰ ቁጥር ሰዓቱን ያያል። ቀበቶው ላይ በምስማር የተበሳ አዲስ ቀዳዳ አለ።

«ግራ ትከሻዬን ብርድ መትቶኝ ነው፤ ሆዴ ደህና ነው» አላት የካርድ ሠራተኛዋን፣ ስለ ሆዱ ማንም ሳይጠይቀው።

«ቀዶ ሕክምና አድርገው ያውቃሉ፣ ጋሼ?»

«እኔ? ሰፈሩ ‹ግንቡ› ነው የሚለኝ። ግንብ በምላጭ ይቆረጣል እንዴ?» ብሎ ሳቀ፤ ትንፋሹ ግን ሳቁን አላስጨረሰውም።

ሠራተኛዋ ብዕሯን አስቀምጣ ክዳኑን አየች። ወንድሟም አምና ጨጓራውን በቀዶ ሕክምና ካሳነሰ በኋላ እንዲሁ በክዳን ነበር የሚጠጣው። ትከሻዬን ብርድ መታኝ ብሎ ተኛ፤ የተሰፋው ጨጓራ ማፍሰሱ የታወቀው ከሞተ በኋላ ነው።

ወደ መስኮቱ ጎንበስ ብላ «ጨጓራዎን ካሳነሱ ስንት ቀንዎ ነው?» አለችው።

ዙሪያውን ቃኘ። «አሥራ አንድ። አደራ፣ እህቴ፣ አለቃዬ እንዳይሰማ። ታሟል ከተባለ በር ላይ ቆሜ ማን ይፈራኛል?»

«ከሐኪሙ በቀር ማንም አይሰማም» ብላ ለድንገተኛ ክፍል ደወለች። «ጨጓራው ከተሰፋ አሥራ አንድ ቀኑ ነው፤ ትከሻውን ያመዋል፤ ትንፋሽ አጥሮታል። ተሽከርካሪ ወንበር ቶሎ!»

ወንበሩ እስኪመጣ የአንገቱ ደም ሥር ሲዘል ታያት። ምቱን ልትቆጥር ሞከረች፤ ከመፍጠኑ የተነሳ አልደረሰችበትም።