መኪና መስበር የተማርኩበት አገር

ወደ ጀርመን በመሄጃዬ ዋዜማ ምሽት ዘመድ ጎረቤት ቤታችን ሞልቶ ሲመርቀኝ፣ አባቴ ግን ከአውቶብስ ሥር ተኝተው ነበር። ጠዋት ከሞጣ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደኝ አውቶብስ ከሥሩ ያለው ሞላ፣ ባሌስትራው፣ ተሰብሮ፣ ሌላ ሰው በነካካው መኪና ልጄን አላሳፍርም ብለው ነው። እኔ በእጅ ባትሪ አበራሁላቸው። አላለቀሱም፤ እኔም አላለቀስኩም። ስንጨርስ እጃችንን በነጭ ጋዝ ታጥበን ገባን። ስንብታችን ይኸው ነበር።

ቢቸና ብወለድም ያደግሁት ሞጣ፣ አባባ ጋራዥ ውስጥ ነው። ያኔ መንገዱ ጠጠር ነበር፤ ከደጀን የተነሳ መኪና አንድ ነገሩ ሳይላላ ሞጣ አይገባም። አባባ ከሁሉ አስቀድመው ያስተማሩኝ የላላ ብሎን አይቶ ማለፍ ነውር መሆኑን ነው። የማንም መኪና ይሁን፣ ማንም ባይጠይቅሽም ታጠብቂዋለሽ ይሉኝ ነበር። ባሕር ዳር ሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ስማርም፣ በኋላ ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝቼ ለማስተርስ ጀርመን ስሄድም ይህ ልማድ አብሮኝ ሄደ።

እናንተ እዚያ ያላችሁ፣ ጀርመን የገባ ሁሉ ያለፈለት ይመስላችኋል። እኔን የተቀበለኝ በኅዳር አሥር ሰዓት ተኩል ላይ የሚጨልም ሰማይ ነው። ሽሮ ይሆነኛል ብዬ የገዛሁት የሽንብራ ዱቄት ሊጥ ሆኖ ቀረ። ሰላምታቸው አንድ "ሀሎ" ብቻ ነው፤ ቤተሰቡን፣ ጤናውን፣ እህሉን የሚጠይቅ የለም። ትምህርቴን ጨርሼ ለሥራ ፍለጋ የተሰጠኝ ቪዛ ደግሞ ሊያልቅ ሆነ። አውስሌንደርቤሆርደ ወደሚሉት የውጭ ዜጎች ቢሮ ሄድኩ።

"የሥራ ኮንትራት ካላመጣሽ ቪዛ አይታደስም" አለኝ የቢሮው ሠራተኛ።

"መሥሪያ ቤቶቹ ደግሞ ቪዛ ካልታደሰ ኮንትራት የለም ይሉኛል።"

"እነሱም ልክ ናቸው" ብሎ ወረቀቴን መለሰልኝ።

የቀረኝ ተስፋ ፕራክቲኩም የሚሉት የልምምድ ሥራ ነበር። በአንድ የመኪና ክፍሎች ፋብሪካ የጭነት መኪና ሻንሲ፣ አጽሙ ማለት ነው፣ በማሽን ላይ ታስሮ ሳምንታት ሙሉ ይናወጣል፤ እኔ እከታተላለሁ። ጥሩ ከሠራሁ ይቀጥሩኛል፤ ካልሆነ ሻንጣዬን መሸከፍ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ስገባ አንድ ብሎን ላልቶ አየሁ። እጄ ቀደመኝ። መፍቻ አንስቼ ጥርቅም አድርጌ አጠበቅሁትና ደስ ብሎኝ ሻይ ልጠጣ ሄድኩ። ሻዩ ላይ ነው ትዝ ያለኝ፤ ሙከራው የሚደረገው ያ ብሎን መቼ እንደሚላላና መቼ እንደሚወድቅ ለማወቅ ነው። የአምስት ሳምንት ሥራ ገደል ከተትኩት። ያየኝ ሰው አልነበረም። ዝም ልበል ብዬ ነበር፣ አልዋሽም። ግን ጭነት ይዞ ቁልቁለት የሚወርድ ሰው በኔ የውሸት ቁጥር ሲተማመን ታየኝና አለቃዬ ቢሮ ገባሁ። ፍራው ሊንደ፣ ወይዘሮ ሊንደ እንደማለት፣ ትባላለች።

"ብሎኑን ያጠበቅሁት እኔ ነኝ" አልኳት።

"ለምን?"

"ላልቶ ነበር።"

"እንዲላላ እኮ ነው የምናናውጠው። ኢንጂነር አይደለሽም እንዴ?"

"ነኝ። ግን የመካኒክ ልጅ ነኝ።"

አልሳቀችም። "ከዜሮ ልጀምረው፤ ቅዳሜና እሑድም እገባለሁ" አልኳት።

"ቅዳሜና እሑድ መሥራት ክልክል ነው።"

በሥራ ቀን ብቻ እየገባሁ እንደገና ጀመርኩት። ብሎኑ በየቀኑ ሲላላ እጄን ኪሴ ከትቼ ቆሜ አየሁ፤ በየቀኑም ጻፍኩ። እንዲህ ያለ ብሎን በጠጠር መንገድ ከየት በኩል መላላት እንደሚጀምር፣ አባባም የብሎን ማሰሪያውን፣ ሁለተኛ ዳዶ፣ እየደረቡ እንዴት እንደሚያቆዩት ሪፖርቱ ላይ ጨመርኩ። ፍራው ሊንደ ሁለት ጊዜ አነበበችው። "ያጠፋሽውን ራስሽ መጥተሽ ባትነግሪኝ ኖሮ ይህን አላምንሽም ነበር" አለችኝ። በሳምንቱ ኮንትራቱ መጣ፤ በእሱም ቪዛዬ ታደሰ። ለአባባ ደወልኩ።

"ሥራው ምንድን ነው?" አሉኝ።

"መኪና እስኪሰበር ማናወጥ ነው፣ አባባ።"

"እሱንማ የእኛ መንገድ በነፃ ይሠራው የለ።"

ሳቅን። "ቋሚ ቅጥር ነው" አልኳቸው። ቋሚ ቅጥር እኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ እመቤቴን አመሰገኑ፣ መረቁኝ። ከዚያ ጠየቁኝ።

"ቋሚ ከሆነ፣ እንግዲህ አገርሽ ለመምጣት ስንት ቀን ይፈቅዱልሻል?"

"አራት ሳምንት።"

"በዓመት?"

"በዓመት።"

"ጥሩ ነው" አሉ። ደግመውም፣ "አራት ሳምንት ጥሩ ነው፣ ልጄ።"