ምራቁ ሳይደርቅ የደረስኩበት እሁድ

ያለፈው መስቀል ዓርብ ላይ ውሎ ሦስት የዕረፍት ቀን ተያይዞ ሲመጣልን፣ ልጆቼን ጭኜ ከሰበታ ወደ ሱሉልታ ጉዞ ጀመርኩ፤ ገና አዲሱ ገበያን ሳናልፍ ከኋላ ወንበር ብርቱካን መላጥ ተጀመረ። ልጁ ዘጠኝ፣ ልጅቷ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ሁለቱንም ርሃብ የሚይዛቸው ልክ መኪናው ሲነሳ ነው። የብርቱካን ልጣጭ ሽታ በፀሐይ ከሞቀ የመኪና ወንበር ሽታ ጋር ሲደባለቅ ለሌላው ሰው ደስ የሚል የሽርሽር ሽታ ይሆን ይሆናል፤ እኔን ግን ከልጅነቴ ጀምሮ አንጀቴን የሚያሳርረኝ እሱ ነው። መስኮቱን ከፈትኩት፤ በረደን ብለው ጮሁብኝ፤ መልሼ ዘጋሁት። እዚያው ሽታ ውስጥ ተቀምጬ ዳገቱን ስወጣ፣ በዚያች ሰዓት ቡራዩ ላይ አንዲት አሮጊት ነጠላዋን አጣፍታ፣ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ፣ በር ላይ እየጠበቀችኝ መሆኑ ትዝ አለኝና ፈገግ አልኩ። ክፉ ብትሉኝም አልክድም፤ ከልቤ ነው ፈገግ ያልኩት።

አሮጊቷ እትዬ ብርቄ ናት፣ የአጎቴ የጋሽ ለማ ሚስት። አጎቴ ከሞተ ቆይቷል። ፊቷ ስሆን አንቱ እላታለሁ፣ ጉልበቷን ስሜ ነው የምቀመጠው፤ እዚህ ወረቀት ላይ ግን አንቱታውን ከልክያታለሁ፤ ይቺን ታህል ቂም ትፈቀድልኝ። በደመራው ዕለት ደውላ ልጆቿ በየቤታቸው እንደሆኑ፣ ለበዓሉ እንኳን አንዱም ብቅ እንዳላለ ነገረችኝና፣ «እስቲ ልጆቹን ስታዞሪ እኔንም አንድ ቀን ይዘሽኝ ውጪ፤ ግድግዳ ማየት ሰለቸኝ» አለችኝ። «ምን ችግር አለው እትዬ፤ ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ለባብሰው በር ላይ ይጠብቁኝ» አልኳት። ሠላሳ ሦስት ዓመት የጠበቅኩት ነገር ራሱ ደውሎ መጣልኝ።

እናቴ ሰበታ የክር ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ትሠራ ነበር። አባቴን አላውቀውም፤ የሌሊት ፈረቃ ሲደርሳት እኔን የሚያሳድርላት ሰው ስላልነበረ፣ ሰባት ዓመት ሲሞላኝ ትምህርቴን እንድማር ብላ ቡራዩ ወንድሟ ቤት አስገባችኝ። በወር አንዴ አውቶቡስ ቀያይራ ትመጣለች። ፀጉሯ ላይ የጥጥ ብናኝ እየቀረ፣ እኔ ደግሞ እናቴ በአንድ ወር ውስጥ የሸበተች እየመሰለኝ፣ ጭኗ ላይ ተቀምጬ አንድ በአንድ እለቅምላት ነበር። ከረሜላ በመሀረቧ ጫፍ ቋጥራ ታመጣልኛለች፤ ከረሜላው የማሽን ዘይት ዘይት ይላል፤ እኔም እስከዛሬ ከዚያ የሚበልጥ ከረሜላ በልቼ አላውቅም።

አጎቴ ሰማያዊ ቮልስ ነበረችው። በዓል ሲደርስ ግቢው ውስጥ አቁሞ እስክታብረቀርቅ ያጥባታል፤ ሦስቱ ልጆቹና እኔ በጨርቅ እንወለውላለን፤ ጎረቤታችን ኦቦ ገመቹ በአጥር በኩል አንገታቸውን አስገብተው፣ «አካም ጅርታ ለማ! ለመሆኑ ሚስትህን እንዲህ አሽተህ አጥበሃት ታውቃለህ?» ይሉታል። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ እንደዘንድሮው መስቀል ዓርብ ዋለና፣ እትዬ ብርቄ የሦስቱን ቀን ሽርሽር ደነገገች፤ ዓርብ ሱሉልታ፣ ቅዳሜ ገፈርሳ፣ እሁድ ሰበታ። በሰፈራችን በበዓል ቀን ቤት ዘግቶ መጥፋት ነውር ነበር፤ እንግዳ መጥቶ የተቆለፈ በር ካገኘ ወሬው ዓመት አያልቅም። ስለዚህ አንድ ሰው ቤት መጠበቅ ነበረበት። «ዓርብና ቅዳሜ አንቺ ትጠብቂያለሽ፤ እሁድ እናትሽ ጋ እንወስድሻለን» አለችኝ። ከደስታዬ ብዛት ዘልዬ አንገቷ ላይ ተጠመጠምኩ። ዛሬ ድረስ የምቆጭበት እቅፍ እሱ ነው።

ዓርብ አምስት እንግዳ ተቀበልኩ። ያቺ ዘጠኝ ዓመቷ የቤቱ እመቤት ሆና፣ «የሉም፣ ግን ግቡ» እያለች ዳቦ ስትቆርስ ዋለች። ማታ እነ ዳዊት ፈረስ ፈረስ፣ ብርቱካን ብርቱካን እየሸተቱ ገቡ። ዳዊት፣ የአጎቴ ትልቁ ልጅ፣ ከኪሱ የብርቱካን ልጣጭ አውጥቶ፣ «እንኪ፣ አሽትቺው» አለኝ። ቅዳሜ ደግሞ ገፈርሳ ሄዱ፤ ከግቢያችን ሆኜ ባሕር ዛፉ የሚታየኝ፣ በእግር ብሄድ ቀድሜያቸው የምደርስበት ቦታ ነው። ያን ቀንም የደረሰኝ ልጣጭ ነበር። ግን አልከፋኝም፤ ልጣጩን ትራሴ ሥር አድርጌ ተኛሁ። እሁድ የኔ ነበራ! አጎቴ ወደ ፋብሪካው ደውሎ፣ «እሁድ ልጅሽን ይዘንልሽ እንመጣለን» ብሏት፣ እናቴም ፈረቃ ተቀይራ እንደምትጠብቀኝ ሰምቻለሁ።

እሁድ ጠዋት ጫማዬን ዘይት ቀብቼ፣ የበዓል ቀሚሴን ለብሼ፣ ቮልሷ አጠገብ ከሁሉም ቀድሜ ቆምኩ። በዚህ መሀል የእትዬ ብርቄ እህት ልጇን አንጠልጥላ፣ ሁለቱም ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ሳይጠሩ መጡ። እትዬ ብርቄ ቮልሷን አየች፣ በጣቷ ቆጠረች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። ቀስ ብላ ወደ ጓሮ ወሰደችኝና ከእግሯ ሥር ካለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ እንትፍ አለች። «ለምሳው ጨው አልቆብናል። ይቺ ምራቅ ሳትደርቅ ገዝተሽ ድረሽ፤ ከዚያ እንሄዳለን» አለችኝ።

በኔ ዕድሜ ያደገ ሰው ይህን ሕግ ያውቀዋል። ታላቅ ሰው መሬት ላይ እንትፍ ብሎ ከላከህ እግርህ መሬት አይነካም፤ ምራቁ ደርቆ ከደረስክ ጆሮህ ይቆነጠጣል፣ ሳይደርቅ ከደረስክ ጎበዝ ትባላለህ፤ ፀሐይዋ ራሷ ጠላትህ ትሆናለች። እንዳይቆሽሽብኝ ጫማዬን አውልቄ በእጄ ይዤ ሮጥኩ። ባለ ሱቁ ጨው ሲሰፍር እንደዚያን ቀን የተንቀራፈፈበት ጊዜ የለም። ተመልሼ ጓሮ ስደርስ ምራቁ አልደረቀም። አረፋው እንኳን አልጠፋም ነበር። ከደስታዬ የተነሳ፣ «ደረስኩ! አልደረቀም!» ብዬ ስጮህ፣ ቮልሷ የነበረችበት ቦታ ላይ የጎማ ምልክት ብቻ ቀርቷል።

ጨዉን እንደያዝኩ ተመልሼ ድንጋዩ አጠገብ ቆምኩ። ኦቦ ገመቹ በአጥሩ አዩኝና፣ «ኮቱ ያ ኢንተላ፣ ነይ እኛ ጋ ቆሎ ብዪ» አሉኝ። «አልመጣም፤ ገና አልደረቀም» አልኳቸው። ሳይደርቅ ይመለሱልኛል ብዬ ነው። አጥሩን ይዘው ከኔ ጋር ቆሙ። ምራቁ ደረቀ። ያን ጨው ሰኞ ዕለት አንድም ሳላስቀር በእትዬ ብርቄ ወጥ ውስጥ ገለበጥኩት፤ ተገርፌበታለሁ፣ ግን እሷም ጦሟን አድራለች።

በቀጣዩ ወር እናቴ ስትመጣ እንደወትሮዋ ጭኗ ላይ አላስቀመጠችኝም። ለረጅም ጊዜ አየችኝና፣ «መቼም ልጅ ጨዋታ ይወዳል» አለች። ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም። እትዬ ብርቄ ደግሞ ከጎናችን ቁጭ ብላ ምስር ትለቅም ስለነበር የሆነውን መናገር ፈራሁ። ከዚያ ወዲህ እናቴ አንድም ቀን፣ «ሰበታ ነይ» ብላኝ አታውቅም። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የጎረቤት ልጆች ወደየዘመዳቸው ሲሄዱ እኔ ቡራዩ እቀራለሁ። ሰለቸኋት ብዬ አመንኩ፤ እኔም ኩራቴ ይዞኝ ውሰጅኝ አላልኳትም። እሷ ስትመጣ እንደ እንግዳ ሰላም ተባብለን፣ ከረሜላዬን ተቀብዬ አመሰግናለሁ። አሥራ ስምንት ዓመት ሲሆነኝ ሞተች። ለዚህ ሁሉ በሆዴ የከሰስኩት እትዬ ብርቄን ነው፤ ያን እሁድ ብሄድ ኖሮ እናቴ አትቀዘቅዝብኝም ነበር ብዬ።

እንግዲህ ዘንድሮ ዓርብ ልጆቼ ሱሉልታ ሜዳ ላይ ፈረስ ላይ ወጥተው ሲንጫጩ፣ ወደ እኩለ ቀን ግድም ደወልኩላት። «እትዬ፣ መኪናው ሞላብኝ እኮ፤ ነገ ይሁን» አልኳት፣ ያኔ ጨው በላከችኝ በራሷ ድምፅ። «ግድ የለም ልጄ፤ ነገም ቀን ነው» አለች። እዚያው የገዛሁት እርጎ ጣፈጠኝ። ቅዳሜ ወደ ገፈርሳ ስንሄድ መንገዳችን በሷ በር ነው፤ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ነጠላዋ ነጭ፣ ቦርሳዋ ጉልበቷ ላይ፣ የሚመጣውን መኪና ሁሉ በእጇ ፀሐይ ከልላ ታያለች። ልጄ መስኮቱ ላይ ተለጥፋ፣ «እማዬ፣ እትዬ ብርቄ አይደሉም እንዴ?» አለች። «አይደሉም» አልኩና ነዳጁን ረገጥኩት። ገፈርሳ ውኃው ዳር ልጆቹ ጠጠር ሲወረውሩ እኔ ሣር ላይ ተጋድሜ ያቺን ወንበር እያሰብኩ ዋልኩ። እንዲህ የጣፈጠኝ ሽርሽር አላስታውስም።

ለእሁድ ያሰብኩት ከሁለቱም ይብስ ነበር። ቡራዩ ደርሼ መኪናውን በሯ ላይ አቆምኩ፤ ልጆቹን ማዶ ካለው ሱቅ ብስኩት እንዲገዙ ላክኋቸው። እትዬ ብርቄ ስታየኝ ፊቷ በራ፤ ሁለቱን ቀን ያስጠበቅኋትን አንድም ቃል አላነሳችም። በሩን ቆልፋ፣ ወገቧን ይዛ፣ ወደ መኪናው ስትመጣ፣ «ውይ እትዬ፣ ለያዝነው ድንች ጨው ረስቼ! ትንሽ ጨው ከቤት ያምጡልኝ» አልኳት። መልሳ ከፈተችና ገባች። ሞተሩን አስነሳሁ። ወዲያው መሄድ እችል ነበር፤ ግን ስሄድ እንድታየኝ ፈለግኩ።

ጨዉን በወረቀት ጠቅልላ ወጣች። የሚጮኸውን ሞተር ሰማች፣ ፊቴን አየች፣ ወረቀቱን አየች። ከደረጃው አልወረደችም።

«አልረሳሽውም ለካ» አለች። «እኔም አልረሳሁትም። እናትሽ አስፋልቱ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ አገኘናት። ከጠዋት ጀምሮ እዚያው ነበረች። ልጄስ? አለችኝ። በእህቴ ተተካች ማለት አሳፈረኝ። እምቢ አለች፣ ጨዋታው ይሻለኛል አለች አልኳት። አጎትሽ መሪውን እንደጨበጠ ዝም አለ። እናትሽ ምን አለች መሰለሽ? እምቢ ካለች አደራ እንዳታስገድዷት አለችኝ።»

አላለቀሰችም፣ ይቅርታም አልጠየቀችኝም። ወንበሯን ወደ በሩ ስባ ተቀመጠች። እኔም መሪውን እንደጨበጥኩ ዝም አልኩ። ልጆቹ ብስኩታቸውን ይዘው እየተሳሳቁ መጡና ተሳፈሩ፤ ምንም አልሰሙም። መኪናውን አንቀሳቀስኩ። ጥቂት ከተጓዝን በኋላ ልጄ ከኋላ፣ «እማዬ፣ እትዬ ብርቄስ?» አለች።

«እምቢ አሉ» አልኳት።

አፌ ነው ያለው፤ እኔ አላሰብኩትም። «እሺ» አለችና ብስኩቷን ቀደደች። ለምን እንዳሉ አልጠየቀችም፣ አልተጠራጠረችም፤ እናቷ ብላታለችና። ውሸት እንዲህ ቀላል መሆኑን ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት። እናቴም የታመነ ሰው ነገራትና፣ እሺ ብላ አመነች።

እትዬ ብርቄን ይቅር አላልኳትም፤ ዛሬም አላልኳትም። ሦስቱን ቀን ያገኘሁትን ደስታም አልክድም፤ ግን ከጦር ኃይሎች ጀምሮ እስከ ቤታችን ሰበታ ድረስ ስነዳ ስለሷ አላሰብኩም። ያሰብኩት እናቴ ፋብሪካው በር ላይ ፈረቃ ስትቀያየር፣ ጓደኞቿ «ልጅሽስ አትመጣም?» ሲሏት ምን ትመልስላቸው እንደነበር ነው። እኔ እንደ እንግዳ ሰላም ስላት፣ ውሰጅኝ እስክትል ልጠብቅ ብላ አንገቷን ደፍታ ከረሜላውን ስትፈታ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ነይ ያላለችኝ ሰልችቻት አልነበረም፤ ያላልኩትን እምቢታ አክብራልኝ ነው።