ዴልማር ኪንዝ በድሮው ሊግ የሰጠው ቃል

ዴልማር ኪንዝ ዕድሜውን ሙሉ የሰው ደጅ ሲጠና የኖረ ሰው ነው። የኮልተን ኮሌጅ የቅርጫት ኳስ ቡድን ረዳት አሰልጣኝ ይባል እንጂ ሥራው ከሜዳው ይልቅ መንገድ ላይ ነበር። ከደቡብ ኢንዲያና እስከ ኬንታኪ በየትንሹ ከተማ ይዞራል፤ ኳስ የሚችል ልጅ ያላት እናት ሶፋ ላይ ይቀመጥና «ልጅዎን ለኛ ይስጡን» ይላል። እኔ የቡድኑን ጨዋታ በከተማችን ሬዲዮ የማስተላልፍ ሰው ነኝ። አብረን አርጅተናል፤ ስለሱ ሲወራ ዝም ማለት አይሆንልኝም።

ዴልማር አንደበት አላነሰውም። ያሸነፈው የሊጋችን ስም ነው። እኛ ያለንበትን ሊግ ከኛ ከራሳችን በቀር የሚያውቀው የለም፤ የትልቁ ሊግ ስም ግን ብቻውን በር ይከፍታል። ከዚያ አንድ አሰልጣኝ ስልክ ከደወለ፣ ዴልማር ሁለት ዓመት የተመላለሰበት ልጅ በአንድ ከሰዓት እልም ይላል። እዚያ ሄዶ ሳይጫወት የተጠባባቂ ወንበር እንደሚያሞቅ ልጁም ያውቃል፣ አባቱም ያውቃል። ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ወንበር ሲያሞቅ ዘመድ አዝማድ በቴሌቪዥን ያየዋል! ነገሩ ዛሬም ያናድደኛል።

አንድ ጊዜ አንድ አባት፣ «የእናንተ ጨዋታ በየትኛው ቻናል ነው የሚታየው?» ብሎ ጠየቀው።

«በሬዲዮ ነው» አለ ዴልማር።

ሰውዬው ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ወደ ጓዳ ገባ። ዴልማር ንዴቱን ይዞ መጥቶ፣ ሁልጊዜ ምሳ በምንበላበት ቤት የአሳማ ጥብስ ሳንድዊቹን እየገመጠ በእኔ ላይ ተወጣው።

«ጉድ የምትሠራኝ አንተ ነህ» አለኝ።

«እኔ ደግሞ ምን አደረግኩ?»

«በዚህ ድምፅህ ማን ይምጣልኝ? እንቁራሪት!»

«አንተስ በመልክህ ያስፈረምከው ልጅ ካለ እስቲ ጥራልኝ።»

ሳቅን። ውስጡን ግን ያመው ነበር። «ሊጉን ብቻ በቀየሩልኝ» ይል ነበር።

የሚያሳየው ትልቅ ስም ስላልነበረው የሚሰጠው ቃሉን ነበር። እኛ ዘንድ ልጆች በነፃ ተምረው ሊጫወቱ የሚፈርሙት በኅዳር ነው፤ ከዚያ በፊት ያለው ሁሉ ቃል ብቻ ነው። አሰልጣኙ «ቦታው ያንተ ነው» ይላል፣ ልጁ ለሌሎቹ ደውሎ «ተይዣለሁ» ይላል። የሚያስገድድ ሕግ የለም፤ ቃሉን የሚያጥፍም ሞልቷል። ዴልማር ግን ጉልበቱ ለተሰበረ ልጅ እንኳ ቦታውን ጠብቆ፣ ከዋናው አሰልጣኝ ጋር ስንት ጊዜ ተኳርፏል።

ኮርቲስ ፔቲን ያገኘው ከወንዙ ማዶ፣ ኬንታኪ ውስጥ፣ ጣሪያው በሚያፈስ የቤተ ክርስቲያን የኳስ አዳራሽ ነው። ልጁ ዘግይቶ ያደገ ቀጫጫ ነው፤ ኳስ ሲያቀብል ግን ጓደኛው የት እንደሚደርስ ከጓደኛው ቀድሞ ያውቃል። ከዴልማር ሌላ የፈለገው አንድ የቴነሲ ኮሌጅ ብቻ ነበር። እናቱ ሎሬታ ዶሮ ፋብሪካ ነው የምትሠራው። ለሷ ነገሩ ኳስ አልነበረም። ልጇ በነፃ ኮሌጅ ይገባል ወይስ ከሷ ጎን ቆሞ ዶሮ ይበልታል? ጭንቋ ይኸው ነበር።

የዴልማር ዓይን እየደከመ ስለነበር ረጅም መንገድ ሲሆን እኔ ነኝ የምነዳለት። እነ ሎሬታ ቤት የሄድን ዕለት ባቄላና የበቆሎ ዳቦ አቀረበችልን።

«ኮች፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለች። «ነገ ከዚህ የተሻለ ልጅ ቢመጣልዎትስ?»

«ሌላ ቦታ ይፈልጋላ! ይሄ የኮርቲስ ነው።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«እኔ እያለሁ አያስቡ።»

ወደ ልጇ ዞር አለች። «በል ቴነሲ ደውልና ንገራቸው። አሁን፣ እኛ ፊት። ሰው አታጉላላ።»

ልጁ ደወለ፤ አመሰገነ፣ ይቅርታ ጠየቀ፣ ዘጋ። ዴልማር መንገዱን ሙሉ «ምን ዓይነት ጨዋ ሴት ናት!» እያለ መጣ።

በነሐሴ ትልቁ ሊግ ሁለት ኮሌጆች ጥለውት ሲሄዱ በምትካቸው እኛን ጠራን። ከተማችን ኮልተን አበደች። መኪናው ሁሉ ጥሩንባውን ለቀቀው፤ እኔም ሬዲዮ ላይ ስጮህ ድምፄ ተዘጋ። ዴልማር ሆዱ ባብቶ ሰው ፊት አለቀሰ። ብዙም ሳይቆይ ስልኩ መጮህ ጀመረ፤ ስንት ዓመት ጆሮ ዳባ ልበስ ያሉት ሁሉ ራሳቸው ደወሉ። ሜዳችን ያው ነው፣ አሰልጣኞቹ ያው ናቸው፣ የሻወሩ ውሃ እንኳ እንደቀዘቀዘ ነው። የተለወጠው ስማችን ብቻ ነው።

በጥቅምት ከደወሉት አንዱ ከሁለት ሜትር በላይ የሆነ የኢንዲያናፖሊስ ልጅ ነበር። የቀረው ስኮላርሺፕ ግን አንድ፣ እሱም የኮርቲስ። ዋናው አሰልጣኝ ብራድ ሽራም ዴልማርን ጠራው።

«ለኬንታኪው ልጅ ደውልና አልተሳካም በለው።»

«ቃል ሰጥቼዋለሁ፣ ብራድ።»

«የሰጠኸውማ በድሮው ሊግ ነው።»

ዴልማር ተከራከረ። ኮሌጁ ፕሬዚዳንት ዘንድ ድረስ ሄደ። ሥራዬን እለቃለሁ ሲል ሽራም፣ «ብትለቅም ቦታው ለልጁ አይመለስም» አለው። እውነቱን ነው። ሽራም ክፉ ሰው ነው አልልም፤ ትልቁ ሊግ ውስጥ ቢሸነፍ የሚባረረው እሱ ነው።

ዴልማር ቴነሲ ደወለ፤ ቦታው ተይዟል። ሌሎችም ዘንድ ደወለ፤ ትልቅ ሊግ የገባ ኮሌጅ የጣለውን ልጅ ሁሉም «ምን ጎድሎት ይሆን?» ይላል። አሁን ያው ስማችን ልጁን ማስጠያ ሆነ። በመጨረሻ ዴልማር፣ «በስልክ አልነግራትም፣ ተነሥ ንዳልኝ» አለኝ።

ሎሬታ ከሥራ መመለሷ ነበር፤ የላስቲክ ቦቲዋን ገና አላወለቀችም። ኮርቲስ ሲያየን ከበረንዳው ሮጦ መጥቶ የዴልማርን ቦርሳ ተቀበለው። አንጀቴን በላው። ዴልማር ተቀመጥ ቢባል እምቢ ብሎ ቆሞ ተናገረ። በማንም አላሳበበም። «ቦታው የለም። ቃሌን አጥፌያለሁ» አለ።

«ክብደት ብጨምርስ ኮች?» አለ ልጁ። «እስከ ኅዳር እኮ እችላለሁ።»

ዴልማር «አይሆንም» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ሎሬታ ትጮኻለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ምነው በጮኸች!

«ኮች» አለች ቀስ ብላ፣ «ከትልቅ ቦታ የመጡ ቢሆን ኖሮ እጠነቀቅ ነበር። እርስዎን ያመንኩት እኮ ትንንሾች ስለሆናችሁ ነው።»

 ዴልማር ከቡድኑ ጋር እስከ ጥር እንደ ምንም ሠራ። በጥር ሽራም ሌላ ልጅ ልናስፈርም እሱ ቤት ላከን። እናትየው የሊጉ ስም ያለበት ኮፍያ አድርጋ በሳቅ ተቀበለችን፤ ልጁም ዴልማር ሳይቀመጥ «እመጣለሁ» አለ። ስንወጣ የዴልማር ፊት ጠቁሯል።

«ምን ሆንክ? ተሳካልህ እኮ!» አልኩት።

«ቦታው የልጄ መሆኑ እርግጥ ነው ወይ ብላ አልጠየቀችኝም» አለ። «ብትጠይቀኝስ ምን እላት ነበር?»

በማግስቱ ሥራውን ለቀቀ። ያ ረጅሙ ልጅ አንድ ዓመት ተጫውቶልን ከኛም ወደሚበልጥ ሊግ ሄደ። ጨዋታችን አሁን በቴሌቪዥን ይታያል፣ አዳራሹ ይሞላል፣ እኔም እንጀራዬ ነውና አስተላልፋለሁ። ዴልማር ግን ከዚያ ወዲህ አዳራሹ ደርሶ አያውቅም፤ ያሳዝነኛል፤ ያን ሁሉ ዓመት የለመነው ነገር ሲመጣለት እሱን ነው የበላው። ኮርቲስን የወሰደው ኮሌጅ አልተገኘም። በዚያው ሰኔ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ጨርሶ ዶሮ ፋብሪካው ገባ፤ ቢላ አያያዝ ያስተማረችው ሎሬታ ራሷ ናት።